ሁለት ኮከብ ከረቡዕ ደንበኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ከጠዋት ጀምሮ ሻንጣ የሚጎትት ሁሉ በራችን ላይ ቆሞ ሜኑ ያነባል። እስከ ምሳ ሰላሳ አራት ፒዛ ወጣ። አካፋ ከምድጃው ፊት ንቅንቅ አላለም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ረጅም የእንጨት አካፋ ሲያስገባ ሲያወጣ ኖሮ ስሙም አካፋ ሆኖ ቀረ። ደንበኛው ሳይቀር «አካፋ፣ የእኔን ጠርዙን አድርቅልኝ» ነው የሚለው።

ስጎውን እንደ ወትሮው እኔው ሠራሁ። ሊጡና ምድጃው የአካፋ፣ መስተንግዶው የአስተናጋጃችን የሳቂታዋ፣ ስጎው ግን የእኔ ነው። ለማንም አልሰጥም።

ቲማቲሙ ብረት ብረት ይላል። ጣሳውን የሚያመጣልን ሰው የቆየ ዕቃ እያራገፈብኝ ይሆን? ነገ ልደውልለት።

የደም ግፊት ኪኒኔን ረስቼ ከምሳ በኋላ ዋጥኩ። ሐኪሙ መስከረም ላይ ከቀየረልኝ ወዲህ ሰዓቱ ይምታታብኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ልጄ ስልኬ ላይ የጫነችልኝን መተግበሪያ ከፍቼ አየሁ። ሰው በልቶ ሲወጣ ከአምስት ኮከብ ይሰጣል፣ ከሥሩ የመሰለውን ይጽፋል። አራት ነጥብ ስድስት ነን። በካምፓሱ ዙሪያ ካሉት ሁሉ አንደኛ።

ዛሬ አንዱ ምን ጻፈ... «ፒዛው አሪፍ ነው። ግን ሁለት ጠርሙስ ውሃ አስጠጣኝ። ውሃ ለመሸጥ የታሰበ ዘዴ ነው እንዴ?»

ቀልደኛ።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ። ስሙን «የረቡዕ ደንበኛ» ብሏል። ሁለት ኮከብ። «ዘወትር ረቡዕ እመጣለሁ። ስጎው እንደ ድሮው አይደለም። ጨው በዝቶበታል። የማከብረው ቤት ስለሆነ ነው የምጽፈው።»

ጨው? የቀመስኩት እኔ! እንዲያውም ውሃ ውሃ ብሎኝ ጨምሬበት ነበር።

የሚያከብር ሰው ስሙን ይደብቃል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቲማቲም አቅራቢው ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። «እትዬ፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ጣሳ ነው» አለኝ። ድምፁ ግን ፈጠን ፈጠን አለብኝ።

አካፋ ጠዋት ድስቱ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «እትዬ፣ ስጎው ዛሬ...» ብሎ ጀመረ።

«ስጎው ምን?»

«አይ... ምንም።»

ወደ ሊጡ ተመለሰ። ምን ሊል ነበር? አስራ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ምን ይሉኝታ ያዘው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ይኸው መጣ የእኔ ጌታ። የረቡዕ ደንበኛ። ሁለት ኮከብ። «ዛሬ ከባለፈው ረቡዕ የባሰ ነው። ግማሹን ትቼ ወጣሁ።»

ተነሥቼ ከሳህን የተረፈውን ሁሉ አየሁ። ግማሽ የቀረበት ሰባት ሳህን! ድሮ ጠርዙ እንኳ አይተርፍም ነበር። ሳቂታዋን «ማን ማን ነው ትቶ የሄደው?» ብላት ትከሻዋን ሰበቀች። «ተማሪ ነዋ እትዬ፣ ስልኩን እያየ ይረሳዋል።» ሳቀች። የምትስቀው ግን በአፏ ብቻ ነበር። ዐይኗ ወደ ምድጃው ሄደ።

ወደ ምድጃው ምን አስኬደው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሌላ ጸሐፊ ተገኘ። ስሙ «የምድጃ ወዳጅ»። አምስት ኮከብ። «ይችን ቤት ስታሙ እፈሩ። ባለቤትዋ በዝናብ ቀን ተማሪ በነጻ ያበላች ሴት ናት። ፒሳው በከተማው አንደኛ ነው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ማን ነው እንዲህ የሚያሞግሰኝ? የዝናቡን ቀን ያየው የቤት ሰው ነው እንጂ ተማሪ አያስታውሰውም፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ወይስ እያላገጠ ነው? «አንደኛ» ያለው ለሹፈት ቢሆንስ?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ልጄ ከዶርም መጣች። ሦስተኛ ዓመት ፋርማሲ ናት፣ ሁልጊዜ እንደቸኮለች። የምትወደውን ባለ እንጉዳይ ራሴ ሠርቼ አቀረብኩላት። ሁለት ጉርሻ በልታ ገፋችው።

«ምነው?»

«አልራበኝም እማ።»

«ከማን ጋር በልተሽ ነው?»

«ኧረ እማ! ከማን ጋር እበላለሁ?»

ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች። ጠዋት ምን አድርጋ ነው እንዲህ የጠማት? አንድ ነገር ትደብቀኛለች። ወንድ ይሆን? ልጠይቃት ስል ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። በሩ ላይ ግን ዞር ብላ «እማ፣ ጨው ትንሽ ቀንሺ፣ ለግፊትሽም ጥሩ አይደለም» አለች።

እሷም? የዚያን ሰው ጽሑፍ አንብባ ነው የምትደግመው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ ነገሩ ብልጭ አለልኝ።

የረቡዕ ደንበኛ ለምን ረቡዕ ብቻ? ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት አካፋ የለም። ዱቄት ሊያመጣ ይሄዳል፣ ከምሳ በኋላ ነው የሚመለስ። እና ስጎው «የሚበላሸው» እሱ በሌለበት ቀን ነው። ሰው ሲያየው እሱ የለበትም። እጁ ንጹሕ። እንዲህ ያለ ብልጠት!

ግን ምን ጎድሎበት? ምን አድርጌው?

ከመንገዱ ማዶ ያ አዲስ በርገር ቤት ከተከፈተ ወዲህ ባለቤቱ አካፋን ሁለት ጊዜ ሲያናግረው አይቻለሁ። አንዴ ትከሻውን ቸብ ቸብ ሲያደርገው። ሰው የማያውቀውን ሰው ትከሻ ይቸበችባል?

የድሮ ሸሪኬም እንዲህ ነበር። ሲስቅ ሲስቅ አንድ ጠዋት ማሽኑን ሁሉ ጭኖ ጠፋ። ያን ጊዜም ምልክት ነበረ፣ እኔ ነኝ ያላየሁ።

አሁን ግን አያለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

የጨው ዕቃውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ እጅ በቀር ጨው የሚነካ የለም። እስቲ አሁን እናያለን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አምስት አስተያየት በአንድ ቀን። «ፒዛ አዘዝኩ፣ ባሕር መጣልኝ።» «ከንፈሬ ተሰነጠቀ።» «አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ተጠንቀቁ።» ሌላዋ ደግሞ የደረቀ ዓሣ ሥዕል ብቻ ለጥፋ ትታዋለች። አራት ነጥብ አንድ ደረስን።

ጨው የተቆለፈው በእኔ ቁልፍ ነው። እንግዲህ ከቤቱ እያመጣ ነው ማለት ነው! በሽርጡ ኪስ። ሽርጡን ሰቅሎት ሲሄድ ኪሱን ዳበስኩ። አንድ እርሳስ፣ አንድ የልጁ የጸጉር ማሰሪያ። ጨው የለም።

ጥንቁቅ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

የምድጃ ወዳጅ እንደገና። «ጨው ጨው የምትሉ እናታችሁ ቤት ሄዳችሁ ብሉ። ፒሳ አያምርባችሁም።» አምስት ኮከብ። ሳነብ ሳቅኩ። ወዲያው ሳቄ ጠፋ። እንዲህ የሚሳደብልኝ ማን ነው? ተሳዳቢ ጠበቃ ይዛ መጣች ብለው ይስቁብኝ ዘንድ አይደል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሁለት ኮከብ። እንደ ደንቡ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አየሁ። በዐይኔ አየሁ።

ጠዋት ስጎውን ከድኜ ባንክ ልሄድ ነው ብዬ ወጣሁ። በጓሮ በር ተመልሼ የዱቄቱ ክፍል ገባሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። አካፋ ግራ ቀኝ አየ። ከፍሪጁ ሥር አንድ ጎድጓዳ ሳህን አወጣ። ክዳኑን አነሣ፣ ከእኔ ስጎ በጭልፋ ቀዳ፣ ወደ ማጠቢያው ደፋ! የእኔን! ከዚያ ከሳህኑ ቀይ ነገር ጨመረበት። አማሰለ። ቀመሰ። ሳቂታዋ ቆማ ታየዋለች። «አሁንስ?» አላት። «ትንሽ ድገም» አለችው።

ሁለቱም!

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሦስት ጠረጴዛ ተማሪ ነበረ። ጮህኩ። «ሌባ» አልኩት? አላልኩም መሰለኝ። «መርዘኛ» ያልኩት ግን ትዝ ይለኛል።

«እትዬ፣ አንዴ ይስሙኝ...»

«በዐይኔ ያየሁትን ነው የምታስረዳኝ?»

«እትዬ፣ ሰው ፊት አይሁን።»

«ሰው ይስማ! አስራ አንድ ዓመት ያጎረሰህን እጄን የነከስክ!»

ሽርጡን ፈታ። አጠፈው። ሁለቴ አጠፈው፣ ሱሪ እንደሚታጠፍ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ፣ በጓሮ በር ወጣ። ሳቂታዋ ማልቀስ ጀመረች። እሷንም ላባርር ነበር፣ ግን ማን ያስተናግዳል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፎ ሄዷል። ትናንት በንዴት አላየሁትም። «የዛሬና የነገ የፒሳ ሊጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የግራው ቀድሞ ይነሣ።»

ሊጡን ሁሉ ጣልኩት። ምን እንደጨመረበት ምን አውቃለሁ?

ወረቀቱን ግን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ማስረጃ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አላልኩም? አካፋ ባለበርገሩ ቤት ገብቷል። በመስኮት ይታየኛል። ነጭ ሽርጥ አልብሰውታል። ከተባረረ ሳምንት ሳይሞላው! ተነጋግረው የቆዩ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

አሁን ጠላት ከቤት ወጥቷል። ከነገ ወዲያ ሰው «ስጎው ተመለሰ» ሲል እናያለን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሦስት ነጥብ ሁለት።

አልገባኝም። እሱ ሄዷል። ጨው ተቆልፏል። በእሱ ፋንታ የቀጠርኩት ጋጋሪ ስጎው አጠገብ አይደርስም። ታዲያ ማን ነው?

«ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንበላ ነበር። ሰሞኑን ግን ሊዋጥ አይችልም።» ይህን የጻፈችው በፎቶዋ አየኋት፣ ያቺ መነጽር የምታደርግ፣ አራት ዓመት የማውቃት ልጅ። እሷም ተገዝታ ይሆን? ባለበርገሩ ስንቱን ይገዛል?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ልጄ አልመጣችም። «ፈተና አለብኝ» አለች። ፈተናው ገና ሳምንት ይቀረዋል፣ ካምፓሱ በር ላይ የተለጠፈውን አይቻለሁ።

ሁሉም ሰው የሆነ ነገር የሚያውቅ ይመስለኛል፣ ከእኔ በስተቀር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ልጻፈው እስቲ።

ዛሬ የረቡዕ ደንበኛን ልይዘው ቆረጥኩ። ከምሳ በኋላ ብቻውን የሚመጣ ማን ነው ብዬ በሩን ስጠብቅ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የላይብረሪው ሽማግሌ ገቡ። መጽሐፍ የሚያውሱት። ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ የእሳቸው ናት። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ይመጣሉ። እሳቸውን ጠርጥሬ አላውቅም። ማን ይጠረጥራል?

ሁለት ጉርሻ በሉና ሹካውን አስቀመጡ። ስልካቸውን አወጡ። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ።

«እርስዎ ነዎት?»

ቀና አሉ። አልካዱም። «እኔ ነኝ። ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። ሰው ፊት ላይ 'ምግብሽ አልጣመኝም' ማለት አልችልበትም። አርባ ዓመት ዝም በሉ የሚል ጽሑፍ ሥር የተቀመጥኩ ሰው ነኝ።»

«ማን ላከዎት?»

«ማን ይልከኛል?»

«ስጎዬ ምንም አልሆነም!»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ይቅመሱት እስቲ።»

ጎረስኩ። ምንም የለውም። እንዲያውም... ምንም የለውም። ብረት ብረት ከማለቱ በቀር። «ጨው እንኳ ይጎድለዋል» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ያ እይታ... ንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ» ብለው ሳቂታዋን ጠሩ። «ቅመሺ።» ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ዐይኗ እንባ አቀረረ። በሶፍት ተፋችው። የምታስመስል አልነበረችም። እንዲህ አድርጎ ማስመሰል የሚችል ሰው የለም።

«ጨው ብቻ ነው እትዬ» አለች። «ሁሌም እንዲሁ ነው። ከመስከረም ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አካፋ ሦስት ጊዜ ጀመረልዎ። 'ስጎው' ሲል ፊትዎ ይለወጣል። ከዚያ ጨው ያልገባበት ቲማቲም ማታ ቀቅሎ ያሳድርና ጠዋት እርስዎ ዘወር ሲሉ ከእርስዎው ቀንሶ ያን ይጨምርበታል። ሰው እንዳይሸሽ። እርስዎ ቆመው ሲጠብቁ ግን አይችልም። ረቡዕም ዱቄት ሊያመጣ ስለሚሄድ ማንም አይነካውም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ውሃ ቀዱልኝ። ውሃውም ብረት ብረት አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ልጄን ጠራኋት። ፈተናም ቢኖር ነይ አልኳት። መጣች። ምላሴ ላይ ስኳር አደረገች፣ ዐይኔን ጨፍኜ። ከዚያ ጨው። ከዚያ ሎሚ። ሎሚውን ብቻ ነው ያወቅሁት፣ እሱንም በማቃጠሉ።

«እማ፣ የግፊት ኪኒንሽን መቼ ነው የቀየረልሽ?»

«መስከረም።»

«ብረት ብረት ማለት የጀመረሽስ?»

እጄን ያዘችኝ።

«ያን እሑድ... ተናድደሽብኝ ነበር አይደል?» አልኳት።

«ያቺ ፒዛ እማ... የባሕር ውሃ ናት። ግን እንዴት ልበልሽ? አንቺ እኮ ስትናደጂ ሰው ነው የምትጠረጥሪ።»

ወንድ የለም። ጠየቅኳት። «ኖሮ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሐኪሙ አረጋገጠልኝ። አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ኪኒን ጣዕም ያጠፋል አለ። ሌላ አዘዘልኝ። «ይመለሳል?» ብዬ ብጠይቀው «አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ወራትም» አለ። አብዛኛውን ጊዜ...

ሲነግረኝ እንኳ «ይህን መድኃኒት መጀመሪያ ለምን አዘዘልኝ? ከማን ጋር ተስማምቶ?» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ደነገጥኩ። ራሴን ፈራሁት።

ምላሴ አንድ ነገር ነው። ይሄኛው ግን ኪኒን ያመጣው አይደለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

መሳቢያውን ስከፍት ወረቀቱን አገኘሁት። «የፒሳ ሊጥ።» ፒሳ። በ«ሳ»።

ስልኬን አውጥቼ የምድጃ ወዳጅን ጽሑፎች አንድ በአንድ አየሁ። ፒሳ። ፒሳ። ፒሳ። ትእዛዝ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ አስራ አንድ ዓመት እንዲሁ ይጽፋል፣ ተማሪዎቹ ሲስቁበት እሱም አብሮ ይስቃል። እንዴት አላየሁትም?

የመጨረሻውን የጻፈው ኅዳር 7 ነው። ባባረርኩት በሦስተኛው ቀን። ያን ቀን አላነበብኩትም ነበር። «ቤቱን ሰሞኑን ችግር ገጥሞታል። ታገሱ። ባለቤትዋ ከባድ ሰው ናት እንጂ ክፉ አይደለችም።» አምስት ኮከብ።

ሊጡንም ጣልኩት...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

መንገዱን ተሻገርኩ። ሃያ እርምጃ ነው። ሃምሳ መሰለኝ።

ባለበርገሩ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ለጠብ የመጣሁ መስሎት ሊያግደኝ እጁን ዘረጋ። «እሱን ፈልጌ ነው» አልኩ። ጠራልኝ። አካፋ እጁን በነጩ ሽርጥ እየጠረገ መጣ።

ሁሉንም ነገርኩት። ምላሴን፣ ኪኒኑን፣ ሽማግሌውን። «ይቅር በለኝ» አልኩት። አብሮኝ ሲኖር ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶት አያውቅም።

እጁን ጠርጎ ጨረሰ። ከዚያ «ለምላስዎ አዘንኩ እትዬ። እግዜር ይመልስልዎ» አለኝ።

«ትመለሳለህ?»

«አይ።»

«ይቅርታዬን አልተቀበልክም?»

«ተቀብያለሁ። ግን የዚያን ቀን ሦስት ጠረጴዛ ሰው ነበር። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ የልጄ አስጠኚ ነበረች። 'መርዘኛ' ሲባል ሰምታ ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልመጣችም። ልጄ ለምን ቀረች ብላ ትጠይቀኛለች። እዚህ የገባሁት ደግሞ ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ ስለተቀበለኝ ነው። ዓመት ልሠራለት ቃል ገብቻለሁ።»

«ድሮ ያናግርህ የነበረው... ለዚህ አልነበረም?»

ፈገግ አለ። የደከመው ሰው ፈገግታ። «ምድጃ እንዴት እንደሚጠረግ ነበር የሚጠይቀኝ እትዬ።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ይቅርታዬን ለብቻው ነው የጠየቅሁት። ውርደቱ ግን በአደባባይ ነበር። ሁለት ቀን ይህንን ሳሰላስል ዋልኩ።

ልጄን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቅኳት። አሳየችኝ። ፎቶዬን አስገባሁ፣ ያለ ቅጽል ስም። ለገዛ ቤቴ አንድ ኮከብ ሰጠሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የዚህ ቤት ባለቤት ነኝ። ጨው በዛ ያላችሁ ሁሉ እውነታችሁን ነው። ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ። በመድኃኒት ምክንያት ምላሴ መቅመስ አቁሞ ነበር፣ እኔ ግን ምላሴን ትቼ ሰው ጠረጠርኩ። ኅዳር 5 ጠዋት እዚህ የነበራችሁ፣ ያን ሰው የጠራሁበት ስም ውሸት ነው። እሱ የእኔን ጥፋት በድብቅ ሲያርምልኝ ነበር። የሰማችሁ ለሰማ ሁሉ ንገሩልኝ።»

ከመላኬ በፊት ልጄ አነበበችው። «አንድ ኮከብ ግን እማ?»

«ዜሮ የለውም አልሽኝ።»

እሑድ፣ ኅዳር 28

ያ አስተያየት ስንት ሰው እንዳነበበው እንጃ። አንዳንዱ «ጎበዝ» ብሎ ጽፏል፣ አንዳንዱ «አሁን ነው እንዴ?»። አንዱ «ለማስታወቂያ ነው» አለ። ይጠረጥራል። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

ሳቂታዋ ለአስጠኚዋ በስልክ አሳየቻት አሉ። ልጅቷ አልቅሳ በዚያው ቀን ወደ አካፋ ቤት ሄደች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጓሮው በር ተንኳኳ። አካፋ። ነጩን ሽርጥ እንደለበሰ።

«ሥራ የምገባው ሦስት ሰዓት ነው» አለ። «ባለቤቱን አስፈቅጃለሁ። ቀምሼልዎ ልሂድ።»

«ለምን?»

«ሰው ያውቃታል እኮ ይችን ቤት።»

ቀመሰ፣ «በዛ» አለ፣ ሄደ። አልተቀመጠም። ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

የላይብረሪው ሽማግሌ ሙሉውን በሉ። ሦስት ኮከብ። አራተኛውን ለምን ያዙት ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፣ ተውኩት። ሦስት ነጥብ አራት ላይ ነን። አንደኛው ባለበርገሩ ነው አሁን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ሁለት ሰዓት ተኩል። መጣ። ማንኪያውን ሰጠሁት። ቀመሰ። እንደገና ቀመሰ።

«ጨው ይጎድለዋል» አለ።

እጄ ድስቱ ላይ ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ በዛ፣ በዛ፣ በዛ... ዛሬ ይጎድለዋል? እኔም ቀመስኩ፤ ምንም አይነግረኝም። ሽው አለብኝ ያ ነገር። ቂም ይዞ ቢሆንስ? ያን ያህል ሰው ፊት አዋርጄው እንዴት ቂም አይይዝም? ሊበቀለኝ ከፈለገ ከዚህ የሚሻል ቀን የለም፣ የማጣራበት ምላስ የለኝም። ሳቂታዋ አዳራሹን እየወለወለች ነበር። ቅመሺልኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

ዘጋሁት።

«ስንት ልጨምር?»

«ግማሽ ማንኪያ።»

ጨመርኩ። አማሰልኩ። ቀና ስል በሩ ተከፍቶ ነበር፣ እሱ መንገዱን እየተሻገረ ነው።

ድስቱን ለሌላ ሳላስቀምስ ለጋጋሪው አሳለፍኩ።